የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ወራጅ አለ!

እህቴን አንድ ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ፊቷን ወዴት አዙራ እንደምታወራ እወቁ፤ ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ፊት? እኔ ታናሽ ወንድሟ ሆኜ፣ አብሬያት አድጌ፣ አሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ገና በቅጡ አልለየልኝም። መንገድ የጠፋው ሰው አስቁሟት «ልብስ ሰፊው የት ጋ ነው?» ይላታል። እሷም ሱቁን በጣቷ እያሳየች፣ «ያውልህ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የባቡር ጣቢያ ነው» ትለዋለች። ሰውየው የሐዲድ ርዝራዥ ያለ መስሎት መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል።

ሌላው ሰው «የዛሬ ሃያ ዓመት» ብሎ ሲጀምር መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቃል ያድነናል። «ነበር» ካለ ያለፈ ነው፤ «ይሆናል» ካለ የሚመጣ ነው። እህቴ ሁለቱንም አትልም። «ነው» ትላለች፣ ጣቢያው ተሠርቶ አልቆ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ያለ ይመስል።

አመሉን ያመጣችው ከመሥሪያ ቤቷ ነው። የምትሠራው የከተማውንና የዙሪያውን ትራንስፖርት ለረጅም ጊዜ የሚያቅድ ቢሮ ውስጥ ነው። ዛሬ የተበላሸውን መንገድ የሚጠግነው ሌላ ቢሮ ነው፤ እነሱ ስልክ አያነሱም። የእህቴ ቢሮ የሚያስበው ሕዝቡ በእጥፍ ሲጨምር ያ ሁሉ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በምን ተሳፍሮ፣ በየት በኩል አልፎ ሥራ እንደሚገባ ነው። አለቃዋ ደግሞ በቃል የሚያምን ሰው ነው። «ዕቅድ ውስጥ ‹ይሆናል› የሚባል ነገር እንዳላይ» ይላል። «‹ይሆናል› ያላችሁት ሁሉ ሳይሆን ይቀራል። ‹ነው› በሉ፤ ነገሩ ራሱ ይከተላችኋል።» እህቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ «ይሆናል» ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ቤታችን እንኳን «ዝናብ ሊዘንብ ይሆናል» ማለት ሲገባት «ዝናብ ነው» ብላ ልብስ ታስገባለች፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ።

ሰፈሩ ታዲያ «ሃያ ዓመት» ብሎ ስም አወጣላት። ጠዋት ጠዋት በፀጉር ማስተካከያ ቤቴ ፊት ለፊት ወደ ፌርማታው ስትወርድ፣ ወንበር ላይ ያለው ደንበኛዬ በመስተዋቱ ያያትና «ሃያ ዓመት አለፈች» ይላል። አጠገቡ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ «ምኑ ይታወቃል፣ እንዲሁ ሳናውቀው» ይለዋል። ይህችን ቀልድ በየቀኑ እሰማታለሁ፤ ምላጭ በእጄ ስለሆነ ብቻ ነው የምታገሣቸው።

የእህቴ ጭንቀት ገና ላልተወለደ ሰው ነው። ጎረቤት አርግዛ ሁላችንም ደስ ሲለን እሷ «ይህ ልጅ ሥራ ሲይዝ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብላ ትተክዛለች። አንድ ጊዜ ሊያገባት የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። የት ቤት እንደሚይዙ ሲያጫውታት፣ ያሰበው ሰፈር ገና በሚመጣው ቀለበት መንገድ መኪና በሚጮኽበት በኩል እንደሆነ አስረድታ፣ በእርሳስ አስምራ አሳየችው። ሰውየው ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። አሁን በዚያው ይጮኽበታል በተባለው በኩል አግብቶ ወልዶ ይኖራል፤ መንገዱ ገና አልመጣም። ልጆቹን ግን እህቴ በሕዝብ ትንበያዋ ውስጥ አስገብታቸዋለች፣ ቂም የላትም።

ያልተወለደው ሁሉ የሚሳፈርበትን የምታውቅ ይህቺ ሴት፣ ሽንኩርት ማለቁን ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው የምታውቀው። «ሽንኩርት የለም እንዴ?» ብላ ስትጮኽ እኔ ጫማዬን ማሠር እጀምራለሁ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፣ ከገበያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ገበያ። ለእሳቸው መንገድ ማለት ከወንበር ሥር የሚነዝር ነገር ነው። ወረቀት ላይ ያለው መንገድ አይዋጥላቸውም። «ልጅዎ ምን ላይ ነው የምትሠራው?» ሲባሉ «ካርታ ቀለም ትቀባለች» ይላሉ፣ በክፋት አይደለም፤ ያዩት እሱን ነው። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ካርታ ተዘርግቶ፣ እሷ አረንጓዴና ሰማያዊ እርሳስ ይዛ፣ እኛ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው የምንበላው።

ጥያቄያቸው አንድ ነው። «የትኛውን መንገድ ሠራሽ?»

«አለ፣ አባባ። የዛሬ ሃያ ዓመት።»

«እኔ የዛሬ ሃያ ዓመት የለሁማ» ይላሉና ጉርሻቸውን ይቀጥላሉ። ምሬት የለበትም፣ ስለ አየር ጠባይ እንደማውራት ነው። እህቴ ግን ያልጨረሰችውን ሳህን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። አንድ ቀን ተከትያት ስገባ ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ።

ሽንኩርት አልነበረንም። ከዚያ «አንድ ጊዜ ብቻ ‹ይህን መንገድ ልጄ ናት የሠራችው› ሲሉ ብሰማ ይበቃኝ ነበር» አለች። «ሌሎቹ ሰዎቼ ገና አልተወለዱም፣ ይደርሳሉ። አባባ ግን...» ብላ ተወችው። እኔ እንደ ልማዴ ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ቤታችን ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ፌርማታው ታች ነው። የአባባ ጉልበት አቀበቱን ከተወው ቆይቷል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያደርሱ የኖሩ ሰውዬ አሁን ከሰፈር አይወጡም። በእህቴ ካርታ ላይ ደግሞ አንድ አረንጓዴ መስመር አለ፣ ከገበያው ተነሥቶ በሜዳው በኩል ዞሮ ኮረብታውን የሚወጣ የአውቶቡስ መስመር። ቢሮ ውስጥ ለዚህ መስመር ያልተጣላችው ሰው የለም። በመጨረሻ አለቃዋ እሺ አለ፣ ግን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሊወያይበት ይገባል። ሁለት ጊዜ ተጠራ። በመጀመሪያው የመጣው የአዳራሹ ጥበቃ ነው፣ እሱም ወንበሮቹን ሊቆጥር። በሁለተኛው ዝናብ ያባረረው አንድ መንገደኛ ገብቶ ተኛ። አለቃዋ «አሁንም ሰው ካልመጣ መስመሩን አወጣዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል» አለ። የሚቀጥለው ዕቅድ መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ሆዴ ያውቀዋል።

ለሦስተኛው ስብሰባ ማስታወቂያውን እህቴ ራሷ ጻፈችው። አንዱን አምጥታ መስተዋቴ ላይ ለጠፈች። እንዲህ ይላል፦ «የዛሬ ሃያ ዓመት መንገዶቻችን! በትልቅ ካርታ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ። ኑ፣ ተመልከቱ፣ ሐሳባችሁን ስጡ።»

የመጀመሪያው ደንበኛ አገጩ በአረፋ እንደተሸፈነ አነበበውና ብድግ ሊል ቃጣ። «ኧረ ተው! የዛሬ ሃያ ዓመት መንገዶቻችን! የት አግኝተውት ነው? ያኔ እኮ ድልድዩ የእንጨት ነበር!» ሁለተኛው «እኔማ ባለቤቴን ይዤ ነው የምመጣው፣ የተገናኘነው እዚያ መንገድ ላይ ነው» አለ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ምሳ ሰዓት አልጠበቀም። ሽማግሌው ሁሉ የድሮ ፎቶ ከሳጥን ያወጣ ጀመር። እኔ የእህቴ ወንድም ነኝ፣ ያልተጻፈው «ነው» ወደ ፊት እንደሚያይ አውቃለሁ። ልናገር? ምን ቆርጦኝ! ወደ ፊት ነው ብል አዳራሹ ዳግመኛ ባዶውን ይውላል።

አንድ ነገር ብቻ ቆንጠጥ አደረገኝ። እሑድ ዕለት አባባ «ላጨኝ» ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። የሾፌርነት ጃኬታቸውን አስጠርገው ለብሰዋል፣ አዝራሩ ሆዳቸው ላይ አልገጥም ብሎ። ማስታወቂያውን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት።

«ለካ ልጅቷ ስትለፋ የነበረው በእኔ መንገድ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ቀለም ትቀባለች እላለሁ።»

 አገጫቸውን ቀና አድርጌ መላጨቴን ቀጠልሁ።

ሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የፕላስቲክ ወንበር አልቆ ሰው መስኮት ላይ ተቀመጠ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ማመን አቃታት፤ አለቃዋ ደግሞ እሱ የጠራቸው ይመስል እጁን እያሻሸ ይዞራል። «አየሽ?» አላት። «‹ነው› ማለት እንዲህ ነው።» ግድግዳውን የሸፈነው ካርታ ፊት ሰዎች መነጽር እየተዋዋሱ ቤታቸውን ይፈልጋሉ። አላገኙትም። ካርታው ላይ የእነሱ ግቢ ያለበት ቦታ ቢጫ ባለ ብዙ ፎቅ ነው።

እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። «የዛሬ ሃያ ዓመት የዚህ ኮረብታ ሕዝብ ዛሬ ካለው እጥፍ ነው።»

«ውሸት!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «ባዶ ነበር! ቀን ጅብ ይታይበት ነበር!»

እህቴ ወረቀቷን አየች። «ቁጥሩ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ አባቴ።»

«አንቺ ያኔ ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?»

በዚህ ጊዜ አዋላጇ ተነሡ። ሰፈሩን ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ናቸው። «ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? እዚህ ሰፈር ያለ እኔ የሚወለድ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ይህን ያህል አላዋለድኩም!»

አዳራሹ ጮኸ። እህቴ ላብ አጠመቃት፤ ሰማያዊውን መስመር ብታነሣ ይሻላል ብላ «ይህ ደግሞ የባቡሩ መስመር ነው» ስትልማ ጉድ ፈላ። «መቼ ያለፈ ባቡር ነው?» «ሰማንያ ዓመቴ ነው፣ አንዲት ባቡር በዓይኔ አላየሁም!» «መንግሥት ደብቆን ይሆናል!» አለቃዋ ተቃውሞ የተነሣበት መስሎት የጎን በሩን ዓይን ዓይን ያያል። እኔ መስኮቱ ላይ ሳቄን በመሐረብ አፍኜ ነበር፣ አባባ ሲነሡ እስካይ ድረስ።

በከዘራቸው ቀስ እያሉ ወደ ካርታው ሄዱ። ሰው ቦታ ለቀቀላቸው፤ ስለ መንገድ እሳቸው ካልተናገሩ ማን ሊናገር ነው? መነጽራቸውን ገፋ አድርገው የእሳቸውን መስመር ፈለጉ፣ ከገበያ ሆስፒታል። ጣታቸውን ገበያው ላይ አሳረፉና አረንጓዴውን ይዘው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሜዳውን ዞሩ፣ አቀበቱን ጀመሩ፣ ቆሙ።

«ይህ የእኔ አይደለም» አሉ። «በዚህ ነድቼ አላውቅም። በዚህ የነዳው ማነው?»

የእህቴን ፊት ባያችሁት። አባቷን አየች፣ የተጠረገውን ጃኬት አየች፣ ሕዝቡንና በእጁ ያለውን የድሮ ፎቶ አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የገዛ ማስታወቂያዋን አነበበች። ነገሩ ገባት። አፏን ከፍታ ስትዘጋ አየኋት፤ «ነው» ልትል ነበር፣ አልወጣላትም።

«ማንም፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ገና ነው።»

«ገና?»

«ገና የሚመጣ ነው። ሁሉም ገና ነው።»

 ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ግን አዋላጇ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ቁጭ እያሉ፣ «ታዲያ እኛን ምን ብላችሁ ጠራችሁ?» አሉ። «የዛሬ ሃያ ዓመት እኛ የለንም።»

አለቃዋ እህቴን አየ፣ እህቴም ካርታውን። አንዳንዱ ፎቶውን ወደ ኪሱ መመለስ ጀመረ፣ በሩ አጠገብ ያሉት ተነሡ። እኔም ከመስኮቱ ወረድሁ፤ እህቴን ይዣት ወደ ቤት ልሄድ ነው።

አባባ ከካርታው አልራቁም። ይልቁንም አንድ ወንበር ጎትተው ካርታው ፊት አደረጉና ተቀመጡ። ከዘራቸውን ለአለቃዋ «ያዝልኝ» ብለው ሰጡት፣ ያዘላቸው። ሁለት እጃቸውን መሪ እንደሚይዝ ሰው ዘረጉ።

«እኔ አላየውም ማለት አልነዳውም ማለት አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞር ብለው፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ረዳት አይደለሽም? ጥሪ!»

እህቴ እያመነታች ካርታው አጠገብ ቆመች። «የመጀመሪያው ማቆሚያ፣ የገበያው መገናኛ፣ በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት የተሳፋሪ ትንበያ...»

«ረዳት እንዲህ አይጠራም!» ብለው ጮኹባት። «ትንበያውን ተይና ጥሪ!»

የታላቅ እህቴን ድምፅ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ገበያ! ገበያ! ወደ ላይ! የሞላ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ስትል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በሩ ላይ ደርሰው የነበሩት ተመልሰው ወንበር ፈለጉ። አባባ ማርሽ አስገቡ፣ በአፋቸው ሞተሩን አስነሡ፣ ፍሬቻ አሳይተው ወጡ። እህቴ በጣቷ መስመሩን እየመራች ፌርማታ በፌርማታ ትጠራለች፤ ሕዝቡ ሲታጠፉ አብሮ ያዘነብላል፣ ጉድጓድ ሳይኖር የሚዘል ሁሉ ነበር። አለቃዋ ከዘራውን እንደያዘ መሐል ቆሟል፣ ወንበር ያጣ ተሳፋሪ።

ሜዳው ጋ ሲደርሱ፣ ካርታው ላይ ቢጫ ቤቶች በተደረደሩበት ጥግ፣ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አዋላጇ ናቸው።

«እማማ፣ እዚህ ፌርማታ የለም» አለች እህቴ።

«ወራጅ ካለ ይቆማል» አሉ አባባ፣ ፍሬን ይዘው።

«ማን ቤት ሊገቡ ነው፣ እማማ? እዚያ እኮ ገና ማንም የለም።»

«የማንንም በር ባንኳኳ የልጅ ልጆቼ ናቸው» አሉ አዋላጇ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው እየተነሡ። «እናቱን ያዋለድኩት ሰው በሩን አይዘጋብኝም።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ይህን ትጻፍ አትጻፍ ግራ ገብቷት አለቃዋን አየችው። አለቃው ከዘራውን ቀና አድርጎ፣ «ጻፊ» አላት። «ነዋሪዎች በሜዳው ጥግ ፌርማታ ጠይቀዋል።» ጻፈች። ከዚያ በኋላ ወራጁ በዛ። አንዱ ገና ያልተተከለ መናፈሻ ውስጥ ሊቀመጥ ወረደ፣ አንዱ ሚስቱን ያገኘበት ጥግ ላይ ሚስቱን ይዞ ወረደ። ጸሐፊዋ እጇ እስኪዝል ጻፈች።

አባባ አቀበቱ ላይ ደረሱ። ከባድ ማርሽ አስገቡ፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። የእህቴ ጣት ከእሳቸው ቀድሞ ኮረብታው አናት ላይ ቆመ።

«መጨረሻ» አለች።  «የእኛ በር።»

«እስከ በሩ ድረስ?»

«እስከ በሩ ድረስ፣ አባባ።»

የእጅ ፍሬን ሳቡ። ካርታውን ቁጭ ብለው ብዙ አዩት። «ጥሩ መንገድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጉድጓድ የለውም።»

መስመሩ ዕቅዱ ውስጥ ገባ። የሜዳው ጥግም ገባ፣ በቢሮው ካርታ ላይ የአዋላጇ ፌርማታ ተብሎ። አለቃዋ ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ «ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ» እንዲል አዘዘ፤ እህቴ ትታዘዛለች፣ ግን ትነጫነጫለች። ቤት ውስጥ «ገና» የሚለውን ቃል ለምዳለች። «ራት ደርሷል?» ሲሏት እንኳ «ገና» ትላለች፤ ይህ ግን ድሮም እውነት ነበር።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን አባባ ሱቄ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ወንበሩ ላይ የማላውቀው እንግዳ ደንበኛ አለ። ጃኬታቸውን አይቶ ወሬ ጀመረ።

«አባት፣ ሾፌር ነበሩ እንዴ?»

«ነኝ» አሉ አባባ።

«በየትኛው መስመር?»

«በብዙ ነድቻለሁ። የሚያምረው ግን ከገበያ ተነሥቶ ኮረብታውን የሚወጣው ነው። ያን መንገድ ልጄ ናት የሠራችው።»

መቀሴ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ በሩን አየሁ፤ እህቴ ፌስታል አንጠልጥላ ደፉ ላይ ቆማለች። አባባ ጀርባቸውን ስለሰጧት አላዩአትም።

«መቼ ነው የነዱበት?» አለ እንግዳው።

«የዛሬ ሃያ ዓመት።»

«እህ፣ ቆይቷል» አለና ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ለመቀስ ሰጠኝ።

እህቴ ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ አየኋት፤ ማየቴንም አየች። ፌስታሉን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ።

በዚያን ቀን እንኳ ሽንኩርት ነበረን።